ሸራችሁን ከመነሻው አስፉት

ከሆለታ ተነሥታችሁ በአዲስ ዓለም፣ በኦሎንኮሚና በጊንጪ አድርጋችሁ አምቦ ብትገቡ፣ ከዚያም ወደ ጉደርና ወደ ጌዶ ብትዘልቁ፣ ባነር የሚሠራ፣ የሠርግ ካርድ የሚያዘጋጅ ወይም ቲሸርት ላይ የሚያትም ሰው አታጡም። በእነዚህ ሰዎች ሱቆችም ሆነ በየመኝታ ክፍሉ ጥግ፣ በስልክና በላፕቶፕ ሥዕል የሚሥሉ ጎበዝ ልጆች አሉ። እጃቸው ይታዘዝላቸዋል፣ ዐይናቸው ቀለም ይለያል፣ ሐሳብም አያልቅባቸውም። ይህ ጽሑፍ ለእነሱ ነው፤ ማለትም ለእናንተ።

ስክሪን ላይ ያስጨበጨበ ሥዕል ወረቀት ላይ ሲወጣ አንገት የሚያስደፋው፣ ብዙ ጊዜ ሠዓሊው ችሎታ ስላነሰው አይደለም። ሥዕሉ ሳይጀመር፣ ገና በመጀመሪያዋ ደቂቃ መጠየቅ የነበረበት አንድ ጥያቄ ስለተዘለለ ነው፦ «ይህ ሥራ ስንት በስንት ሆኖ ነው የሚታተመው?»

እስቲ አንዲት የጉደር ልጅ እናስብ። የምትሥለው በስልኳ ነው፤ አይቢስ ፔይንት ላይ፣ በጣቷ። በአፋን ኦሮሞ ለተጻፈ የልጆች ተረት መጽሐፍ ሽፋን እንድትሠራ ታዘዘች። ኦዳ ዛፍ ሥር ልጆች ከበው ተቀምጠዋል፤ መሀል ላይ አንድ አዛውንት ተረት ይነግራሉ። የጋቢያቸው እጥፋት፣ የልጆቹ የተከፈተ አፍ፣ በቅጠሎቹ መሀል የሾለከችው ብርሃን ሁሉም ተሳክቶላታል። ፋይሉን አዲስ አበባ ላለው ማተሚያ ቤት ላከችው። የሌይአውት ባለሙያው ከፈተው፤ በገጹ ልክ ዘረጋው፤ አጉልቶ አየው። ከዚያም ደወለላት፦ «እህቴ፣ ሥዕሉ ቆንጆ ነው፤ ግን ፒክስሌት ያደርጋል። ኦሪጅናሉን ላኪልኝ።» ኦሪጅናሉ ግን ያው ነው፤ ወርዱ 1000 ፒክስል ብቻ።

አባቶች «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ይሆናል ድስት ጥዶ ማልቀስ» የሚሉት እንዲህ ላለው ቀን ነው። ደስ የሚለው ግን መጠኑን ቀድሞ ማወቅ የሁለት ደቂቃ ሥራ መሆኑ ነው። ገንዘብ አይጠይቅም፣ አዲስ ኮምፒውተር አይጠይቅም፣ አዲስ አበባ መኖርንም አይጠይቅም። ዛሬ ተምራችሁ ዛሬውኑ ትጀምሩታላችሁ።

ሁለት ደቂቃ የምትፈጀው ስሌት

ማተሚያ ቤቶች «300 ዲፒአይ» ሲሉ፣ በወረቀቱ ላይ በእያንዳንዱ ኢንች ርዝመት 300 ፒክስል ይኑር ማለታቸው ነው። አንድ ኢንች 2.54 ሴንቲ ሜትር ነው። ስለዚህ የወረቀቱን ርዝመት በሴንቲ ሜትር ውሰዱ፣ ለ2.54 አካፍሉ፣ በ300 አባዙ፤ የምትፈልጉትን የፒክስል ብዛት አገኛችሁ።

ብዙውን ጊዜ የሚያስፈልጓችሁን እነሆ፦

• ኤ5፣ ማለትም 14.8 በ21 ሴንቲ ሜትር፦ 1748 በ2480 ፒክስል።
• ኤ4፣ ማለትም 21 በ29.7 ሴንቲ ሜትር፦ 2480 በ3508 ፒክስል።
• ኤ3፣ ማለትም 29.7 በ42 ሴንቲ ሜትር፦ 3508 በ4961 ፒክስል።

የጉደሯ ልጅ ሥዕል ወርዱ 1000 ፒክስል ነበር። በ300 ዲፒአይ ሲሰላ ንጹሕ ሆኖ የሚታተመው እስከ 8.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ሽፋኑ ግን 14.8 ሴንቲ ሜትር ይሰፋል። ጉድለቱ ያለው እዚሁ ላይ ነው፤ በእጇም በተሰጥኦዋም ላይ አይደለም።

ቁጥሩ ለምን 300 ሆነ? በኦፍሴት ሕትመት ሥዕሉ ሳያን፣ ማጀንታ፣ ቢጫና ጥቁር ወደሚባሉ አራት ቀለሞች ይከፈላል። እያንዳንዱ ቀለም በደቃቅ ነጠብጣቦች ተበትኖ ወረቀቱ ላይ ያርፋል። ለመጽሐፍ ሽፋንና ለመጽሔት በሚውለው ለስላሳ ወረቀት ላይ በአንድ ኢንች 150 ያህል የነጠብጣብ መስመር የተለመደ ነው። ለእያንዳንዱ መስመር ሁለት ፒክስል ያህል ብትመድቡ 300 ትደርሳላችሁ። የጋዜጣ ወረቀት ቀለም ስለሚመጥ መስመሩ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ከ170 እስከ 200 ዲፒአይ ሊበቃው ይችላል። ከሩቅ ለሚታይ ባነር ደግሞ 100 ዲፒአይም ያስኬዳል፤ 1 ሜትር በ2 ሜትር የሆነ ባነር በዚህ ልክ 3937 በ7874 ፒክስል ይሆናል። በጥቁር መስመር ብቻ የተሣለ ሥዕል ግን ጠርዙ መሰላል እንዳይሠራ 600 ወይም ከዚያ በላይ ይፈልጋል።

ምክንያቱን ስታውቁ ቁጥሩን መሸምደድ አያስፈልጋችሁም፤ ሁኔታውን አይታችሁ ራሳችሁ ትወስናላችሁ።

ፒክስል በኋላ አይጨመርም

«ታዲያ ትንሹን ሥዕል መጨረሻ ላይ ባሳድገውስ?» የሚል አይጠፋም። ፋይሉ ላይ 72 የሚለውን የዲፒአይ ቁጥር ወደ 300 መቀየር ይቻላል። ፒክስሎቹ ያው ከሆኑ ግን ያ ቁጥር ያደረገው ሥዕሉ ወረቀት ላይ እንዲያንስ ብቻ ነው። ፒክስል ጨምር ብትሉት ደግሞ ሶፍትዌሩ ጎን ለጎን ካሉት ቀለሞች እየገመተ ይሞላል፤ የአዛውንቱ ጋቢ እጥፋት ይደበዝዛል፣ የልጆቹ ዐይን ይሟሟል።

እዚህ ላይ የራሳችንን አገር ሰው ላንሣላችሁ። ፕሮፌሰር ገቢሳ ኢጀታ የተወለዱት ከሆለታ ወደ አምቦ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው በኦሎንኮሚ፣ የሣር ክዳን ባለው አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ነው። ልጅ ሳሉ እሑድ ማታ 20 ኪሎ ሜትር ያህል በእግር ተጉዘው ትምህርት ቤት ወዳለበት ከተማ ይሄዱ፣ ዓርብ ወደ ቤታቸው ይመለሱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን የተቀበሉት ድርቅንና አቀንጭራ የተባለውን አረም የሚቋቋም ማሽላ በማስገኘታቸው ነው። አቀንጭራ ከመሬት በታች የማሽላውን ሥር ይዞ ስለሚመጠምጠው፣ አረሙ በቅሎ ሲታይ ብዙው ጉዳት ደርሷል። እሳቸው መቋቋሚያውን ያስቀመጡት እዘሩ ውስጥ ነው። አዝመራው ሲደርስ የሚታየው ውጤት መሬት ላይ ከመውደቁ በፊት ተወስኗል።

የእናንተም ሥራ እንዲሁ ነው። የሕትመቱን ጥራት የምታስቀምጡት አዲስ ሸራ በምትከፍቱባት ቅጽበት፣ ወርድና ቁመት በምትሞሉባት ትንሽ ሳጥን ውስጥ ነው። ኤክስፖርት የሚለው ቁልፍ ያኔ ያስቀመጣችሁትን ያወጣላችኋል፤ ያላስቀመጣችሁትን አይፈጥርላችሁም።

ሰባት የባለሙያ ልማዶች

አንደኛ፣ ትእዛዝ ስትቀበሉ አምስት ነገር ጠይቁ፦ ስንት በስንት ነው? በምን ላይ ይታተማል? የት ይታተማል? ስንት ኮፒ? መቼ ይፈለጋል? ደንበኛው ራሱ መልሱን ላያውቅ ይችላል። አብራችሁት ስታስቡ ግን በእናንተ ላይ ያለው እምነት ያድጋል፤ ዋጋችሁንም ያለ ሐፍረት ትናገራላችሁ።

ሁለተኛ፣ ለመቁረጫው ትርፍ ተዉ። የወረቀት መቁረጫ ማሽን በአንድ ሚሊ ሜትር ወዲያ ወዲህ ማለቱ አይቀርም። ስለዚህ ቀለሙ እስከ ጠርዝ የሚደርስ ሥራ ከሆነ በየጎኑ 3 ሚሊ ሜትር ብሊድ ጨምሩ። ለኤ5 ሸራው 1819 በ2551 ፒክስል ይሆናል። ጽሑፍና ፊት ደግሞ ከመቁረጫው መስመር ወደ ውስጥ ገባ ይበሉ፤ የአዛውንቱ ጆሮ ተቆርጦ እንዲቀር ማንም አይፈልግም።

ሦስተኛ፣ የሶፍትዌራችሁን ጠባይ እወቁ። ኢንክስኬፕ በነጻ የሚገኝና ጠንካራ ፕሮግራም ነው፤ ሲያወጣ ግን ካልነገራችሁት በ96 ዲፒአይ ነው የሚያወጣው። ኤ4 ገጽ በዚህ ልክ 794 በ1123 ፒክስል ብቻ ይሆናል። ኤክስፖርት ስትሉ ዲፒአይ የሚለው ቦታ ላይ 300 ጻፉ፤ 2480 በ3508 ይሆንላችኋል። በኢንክስኬፕ፣ በኮረልድሮው ወይም በኢለስትሬተር የሚሠራው የቬክተር ሥዕል በሒሳብ መስመር ስለሚቀመጥ የፈለጋችሁትን ያህል ቢሰፋ አይሰበርም፤ ለሎጎና ለምልክት ሁልጊዜ እሱን ምረጡ። በክሪታ፣ በፎቶሾፕ ወይም በስልክ ስትሥሉ ግን ፒክስሉ ከመነሻው መሟላት አለበት። ስልካችሁ ትልቅ ሸራ ከብዶት የሌየር ቁጥር ከቀነሰባችሁ፣ ያለቀውን ክፍል ቅጂ አስቀምጡና ሌየሮቹን አዋሕዱ፤ ከዚያ ቀጥሉ።

አራተኛ፣ ቀለሙን ለወረቀት አዘጋጁ። ስክሪን ቀለም የሚሠራው በብርሃን ነው፤ ወረቀት ግን በማተሚያ ቀለም ነው። ለኢሬቻ ፖስተር የመረጣችሁት የሚያበራ የእርጥብ ሣር አረንጓዴ፣ ወደ ሲኤምዋይኬ፣ ማለትም ወደ አራቱ የሕትመት ቀለሞች ሲለወጥ ፈዘዝ ይላል። በሲኤምዋይኬ መሥራት ወይም ቀድሞ ማየት የሚያስችል ፕሮግራም ካላችሁ ተጠቀሙበት፤ ክሪታ በነጻ ይህን ይፈቅዳል። ስልክ ላይ ብቻ የምትሠሩ ከሆነ ግን በጣም የሚያንጸባርቁ ቀለሞችን ቀንሱ፣ የብርሃንና የጥላ ልዩነቱን አጠንክሩ። ትንንሽ ጽሑፍን በጥቁር ብቻ አድርጉት፤ በአራቱ ቀለም ተደራርቦ የታተመ ጥቁር ፊደል፣ የማተሚያ ፕሌቶቹ ትንሽ ሸርተት ካሉ ጥላ ያወጣል።

አምስተኛ፣ ፊደላችሁን ቆልፉ። የግዕዝ ፊደል የሚጽፍ ሁሉ ይህን ያውቃል፦ እናንተ ጋ ያማረው ርእስ፣ ያ ፎንት በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት ወይ ሌላ መልክ ይይዛል፣ ወይ ባዶ ሳጥን ይሆናል። በኮረልድሮው ኮንቨርት ቱ ከርቭስ፣ በኢለስትሬተር ክሪኤት አውትላይንስ፣ በኢንክስኬፕ ኦብጀክት ቱ ፓዝ የሚለው ትእዛዝ ፊደሉን ወደ ቅርጽ ይለውጠዋል። ከዚያ በኋላ ግን ፊደል ማረም ስለማይቻል፣ መጀመሪያ ለሰው አስነብቡ፣ የሚታረመውን ቅጂም ለብቻ አስቀምጡ።

ስድስተኛ፣ ትክክለኛውን ፋይል ምረጡ። ለማተሚያ ቤት ፒዲኤፍ ወይም ቲፍ የተሻለ ነው፤ ፒኤንጂም ምንም ሳይጥል ያስቀምጣል፣ ቀለሙ ግን የስክሪኑ፣ አርጂቢ የሚባለው ነው። ጄፔግ ግድ ከሆነ ከፍተኛውን የጥራት ደረጃ ምረጡ፤ በየጊዜው እየከፈታችሁ ደግማችሁ ሴቭ አታድርጉት፣ በእያንዳንዱ ዙር ትንሽ ትንሽ ይጥላል።

ሰባተኛ፣ አላላኩን አትናቁ። ስንቱ ድንቅ ሥራ የተበላሸው ቴሌግራም ላይ ነው! ሥዕልን በፎቶ መልክ ስትልኩት ይጨመቃል፤ በተለምዶው ረጅሙ ጎን ወደ 1280 ፒክስል ይወርዳል፣ ይህም በ300 ዲፒአይ 11 ሴንቲ ሜትር አይሞላም። «ፋይል» የሚለውን መርጣችሁ ላኩት፤ እንዳለ ይደርሳል። አንድ ኤ4 ሥዕል በ300 ዲፒአይ ሳይጨመቅ 26 ሜጋ ባይት ገደማ ነው፤ ሲኤምዋይኬ ከሆነ 35 ይጠጋል። ኔትወርኩ ካስቸገረ ሌሊት ላኩት፤ ካልሆነም ወደ አዲስ አበባ ለሚሄድ የታመነ ሰው በፍላሽ ስጡት።

ያላችሁ መሣሪያ ይበቃል

«እኔ ታብሌት የለኝም፣ ስካነርም የለኝም» የምትሉ፣ ስልካችሁን አውጡና ካሜራው ስንት ሜጋ ፒክስል እንደሆነ እዩ። 12 ሜጋ ፒክስል ካሜራ የሚያነሣው ፎቶ 4000 በ3000 ፒክስል ገደማ ነው። ይህ በ300 ዲፒአይ 33.9 በ25.4 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ ከኤ4 ይበልጣል። በእርሳስና በወረቀት የሣላችሁትን ሥዕል ጠዋት በር ላይ፣ ፀሐይ በቀጥታ በማታርፍበት ጥላ፣ ስልኩን ከወረቀቱ ጋር ትክክል አድርጋችሁ አንሡት፤ ለብዙ ሥራ የሚሆን ፋይል አላችሁ ማለት ነው። ስካነር ያለው ቤት ካገኛችሁ ደግሞ በ600 አስነሡት፤ ሥዕሉ እጥፍ ሆኖ ቢታተም እንኳ 300ውን ይይዛል።

ወደ ማተሚያ ቤት ከመላካችሁ በፊት ደግሞ ከሠፈራችሁ ፎቶ ኮፒ ቤት ሂዱ። ከሥዕሉ መሀል 5 በ5 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ክፍል፣ በተለይ ፊትና ፊደል ያለበትን፣ በእውነተኛ መጠኑ አስወጡ። ክንድ ርቀት ላይ ይዛችሁ እዩት፤ ቀጥሎ ቀረብ አድርጉት። ጠርዙ ጥርት ካለ ቀጥሉ፤ ካልጠራ የጠፋው አንድ ወረቀት ብቻ ነው። 500 ኮፒ ከታተመ በኋላ ከማየት ይሻላል። ማተሚያ ቤቱንም «መጀመሪያ ፕሩፍ፣ የሙከራ ሕትመቱን አሳዩኝ» ለማለት አትፈሩ፤ ይህን የሚጠይቅ ሰው ሥራውን እንደሚያውቅ ይገባቸዋል።

የጉደሯን ልጅስ ምን እናድርጋት? ቀን ካላት ያንኑ ሥዕል ከበስተኋላ ዘርግታ በትልቅ ሸራ ላይ ደግማ ትሥለዋለች፤ ሐሳቡ አልቋልና ሁለተኛው ይፈጥናል። ቀን ከሌላት ሥዕሉን በ8.5 ሴንቲ ሜትር ወርዱ ሽፋኑ መሀል ታስቀምጠዋለች፣ ዙሪያውን በአንድ ደማቅ ቀለም ትሞላዋለች፣ ርእሱን በትልቁ ከላይ ትጽፈዋለች። መስኮት የከፈተ የሚመስል ጥሩ ሽፋን ይወጣዋል። ያለውን ፒክስል አውቆ የሚሠራ ሰው ሁልጊዜ አንድ መውጫ አያጣም።

በሩ ከምታስቡት ይሰፋል

ራስ ተፈሪ ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤትን ያቋቋሙት በ1914 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዘመን ገጽ የሚሠራው የእርሳስ ፊደል አንድ በአንድ እየተለቀመ ነበር፤ ሥዕል ማስገባት ደግሞ ለብቻው ትልቅ ጣጣ ነበር። ዛሬ ከአምቦ፣ ከቤታችሁ ሳትወጡ፣ ገጹን ከነሥዕሉ ጨርሳችሁ ትልካላችሁ። ያ ሁሉ የማሽንና የባለሙያ ድካም አንድ ፋይል ውስጥ ገብቶ እጃችሁ ላይ ወድቋል።

የሚቀበላችሁም አለ። እ.ኤ.አ. በ2018 ኢታን ኮሚክስ የተባለው አሳታሚ «ጀምበር» የተባለውን የኢትዮጵያዊ ጀግና ኮሚክ በአማርኛና በእንግሊዝኛ አቀረበ፤ ቀጥሎ «ሃዊ» መጣች። መቀመጫው አሜሪካ የሆነው ኦፕን ኸርትስ ቢግ ድሪምስ የተባለ ድርጅት ደግሞ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በትግርኛ ከእንግሊዝኛ ጋር ጎን ለጎን የሚነበቡ ባለሥዕል የልጆች መጻሕፍት ያሳትማል። መጽሐፍን በትእዛዝ የሚያትመው የአማዞን ኬዲፒም ከሥዕል የሚጠይቀው ከላይ ካየነው ብዙም አይለይም፦ ቢያንስ 300 ዲፒአይ፣ ገጹን ለሚሞላ ሥዕልም 3.2 ሚሊ ሜትር ብሊድ። የጊንጪው ልጅና የሲያትሉ ሠዓሊ የሚመዘኑት በአንድ መለኪያ ነው። ፋይሉን የሚከፍተው ሰው የትውልድ ከተማችሁን አያይም፤ የሚያየው ወርድና ቁመቱን፣ ቀለሙንና ጠርዙን ነው።

ትንሽ ከተማ ትልቅ ሥራን እንደማይከለክል አምቦ ቀድማ አሳይታለች። የቦዳው ተወላጅ ጸጋዬ ገብረ መድኅን ገና አምቦ የሚማር ልጅ ሳለ በንጉሥ ዲዮኒሲዮስ ታሪክ ላይ ቴአትር ጽፎ፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በተገኙበት ታየለት። መድረኩ የትምህርት ቤት ነበር፤ የመረጠው ርእስ ግን ባሕር ተሻግሮ የሄደ ነበር። መጀመሪያ ሐሳቡን ሰፋ አድርጎ ያዘ፤ መድረኩ በኋላ ተከተለው።

የዚህ ሳምንት ሥራ

ማንበብ ብቻውን እጅ አያፍታታም፤ ስለዚህ እስከሚቀጥለው እሑድ ይህን ሠርታችሁ ጨርሱ።

ሰኞ 1819 በ2551 ፒክስል የሆነ ሸራ ክፈቱ፤ ዲፒአዩን 300 አድርጉት። እስከ ሐሙስ የከተማችሁን አንድ ነገር ሣሉበት፦ የጉደርን ፏፏቴ፣ የአምቦን ገበያ፣ የአዲስ ዓለም ማርያምን ቤተ ክርስቲያን፣ ወይም ጠዋት ቡና የምታፈላውን ጎረቤታችሁን። ዓርብ ፊደል ጨምሩበት፣ ለአንድ ሰው አስነብቡት፣ ወደ ቅርጽ ለውጡት። ቅዳሜ በፒዲኤፍና በፒኤንጂ አውጡት፤ ለጓደኛችሁ በፋይል ላኩለትና የፒክስሉን ቁጥር አንብቦ እንዲነግራችሁ ጠይቁት። ከዚያ ትንሿን ቁራጭ ፎቶ ኮፒ ቤት አስወጥታችሁ እዩ።

ይህን አንድ ጊዜ ያደረገ ሰው ለሕትመት የሚሆን ናሙና ሥራ በእጁ አለ። ለመጽሐፍ ደራሲ፣ ለትምህርት ቤት፣ ለምረቃ መጽሔት አዘጋጅ ሊያሳየው ይችላል። አሥር ጊዜ ያደረገ ደግሞ በአካባቢው «ሥዕሉን ለሱ ስጡት፣ ማተሚያ ቤት አይመልሰውም» የሚባልለት ሰው ይሆናል። እንዲህ ያለ ስም ካወጣችሁ ሥራ ራሱ ፈልጎ ይመጣል፤ የሚቀጥለው ደንበኛ ስልክ ሲደውልም የመጀመሪያ ጥያቄያችሁ ዝግጁ ነው፦ «ስንት በስንት ነው?»